ፀሐይ ላይ የተሰጣች ልጅ

ፊቷ በምላጭ ሊቆረጥ በተቀጠረበት ቀን ጠዋት እትዬ ጥላ ከእናቷ ጋር የተጣላችው በራሷ ጉዳይ አልነበረም፤ በሕፃኗ ነው። የታናሽ እህቷ ልጅ ገና አንገቷን በቅጡ አላቆመችም። አያትየው ግን ልብሷን ገፍፋ፣ ከአናቷ እስከ እግር ጥፍሯ ቅባት ለቅልቃ፣ በፎጣ ይዛት ወደ ግቢ ልትወጣ በሩ ላይ ደርሳለች።

"እማዬ፣ ያቺን ልጅ ወደ ውስጥ መልሻት።"

"ፀሐይ ላሞቃት ነው።"

"አትሞቅም አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ? የሷ ቆዳ ፀሐይ አይችልም።"

"ልጅ የሚጠነክረው በፀሐይ ነው። አንቺንስ ፀሐይ አላሞቅኩሽም? ምን ሆንሽ?"

ምን ሆንሽ! እንዲህ ያለቻት የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቆርጦ የተጣለባትን፣ ከግራ ዓይኗ ሥር ደግሞ አልድን ያለ ቁስል የበቀለባትን፣ በዚያው ጠዋት ሆስፒታል የምትገባውን ልጇን ነው። እትዬ ጥላ ሕፃኗን ከእናቷ እጅ መነጨቀችና ለእህቷ አስታቀፈቻት።

"እኔ ቀድሜ ሄጄ ካርድ አወጣለሁ። አንቺ ልጅቷን ይዘሻት ነይ። ሰማሽ? እዚህ ጥለሻት እንዳትመጪ።"

"እሺ እትዬ" አለች እህትየው። ይቺ እህቷ ለሁሉም እሺ ነው መልሷ። ባሏ ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ እሷም ልጇን ይዛ እናቷ ቤት ገብታለች፤ እናቷ ስትናገር እሺ፣ እህቷ ስትናገር እሺ። እትዬ ጥላ በሩን ወርውራ ዘግታው ወጣች።

ስሟ ጥላ አይደለም። ጥላ ያሏት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። መንገድ ስትሄድ ግድግዳ ታክካ፣ ከአንዱ ሱቅ ጣራ ሥር ወደ ሌላው ሱቅ ጣራ ሥር እየተላለፈች ነው፤ ፀሐይ የመታው አስፋልት ላይ ስትደርስ ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ቆም ብላ ታስባለች። ቆዳዋ ከጥንቱ ቀለም አልሠራም ያለ ነው። ፀጉሯ የገለባ መልክ አለው፤ ቅንድቧ ነጭ ነው፤ ዓይኗ ብርሃን ሲያገኘው ይርገበገባል። አልቢኖ የሚባለውን ቃል የሰማችው ካደገች በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ሰዉ ስም አልቸገረውም፤ ለስድብ ጊዜ ስም ጠፍቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ጥላ ያሏትን ግን ወዳ ተቀበለችው። ከወጡላት ስሞች ሁሉ የማያቆስላት እሱ ነበር።

እሷ የተወለደች ጊዜ ጎረቤቱ "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው" ብሎ አጽናንቶ ወደየቤቱ ገባ። እናቷ ግን አልተጽናናችም። ልጄ ቀለሟን ሳትጨርስ ነው የወጣችው፣ የጎደላትን ፀሐይ ይሞላላታል ብላ ቆረጠች። ሌሎቹ ልጆቿ ሜዳ ውለው ሲመጡ ጠቁረው አይደል የሚገቡት? እንግዲህ ይቺንም ፀሐይ ያጠይማታል። በዚህ ስሌት ሕፃኗን ቅባት እየቀባች፣ ግቢው ውስጥ ሸራ አንጥፋ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያገላበጠች እንደ እህል ታሰጣት ጀመር። ልጅቷ ቀላች እንጂ አልጠየመችም። ቆዳዋ ውሃ ቋጠረ፣ ተላጠ፣ እንደገና ቀላ። እናትየው ደግሞ መላጡን በበጎ ተረጎመችው፤ አሮጌው እየለቀቀ ነው፣ አዲሱ ጠይም ሆኖ ይወጣል አለች። እንዲህ ያለውን ስሕተት ክፉ ሰው አይሠራውም። ክፉ ሰው ለማንም ይህን ያህል አይደክምም። አንጀት የሚያሳርረውም ይኸው ነው፤ ሰው ጠላቱን ረግሞ ይወጣለታል፣ ለወዳጅ ጥፋት ግን እርግማን እንኳ የለውም።

ጥላ ካደገች በኋላ ሥራ የመረጠችው በደመወዙ ሳይሆን በጣራው ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ክፍል ገባች። ክፍሉ አንድም መስኮት የለውም፤ ሌላው ሠራተኛ በዚህ ሲያማርር እሷ ዕድሌ ነው አለች። አንሶላው ከማጠቢያው ወደ ማድረቂያው፣ ከማድረቂያው ወደ እሷ ጠረጴዛ ይመጣል። በእንፋሎት ካውያ ትተኩሰዋለች፤ ከዚያ ከጓደኛዋ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ ተራርቀው ተቀራርበው ያጥፉታል። ዓይኗ ሩቅ ስለማያይ አፍንጫዋ ጨርቁን እስኪነካ አጎንብሳ እድፍ ትፈልጋለች። አንድ ቀን አለቃዋ ሰው ጎደለብኝ ብሎ ጣራው ላይ ፎጣ እንድታሰጣ ሊልካት ቢሞክር "ጣራ ላይ ከምትሰደኝ እዚሁ አጋድመህ በካውያ ተኩሰኝ፣ ቶሎ ያልቃል" ብላው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አለቃው ግን ሁለተኛ አልጠየቃት።

ያ ክፍል የራሱ ጣጣ ነበረው። ካውያና እንፋሎት ያልለበለበው ሰው እዚያ አይገኝም። አንዷ ክንዷ ላይ፣ አንዱ አንገቱ ላይ ጠባሳ አለው፤ ስለ ቁስል መጠየቅ አዲስ ገቢ መሆንን ማሳወቅ ነው። ስለዚህ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ቅርፊት ያለው እብጠት ሲወጣ እሷም ጓደኞቿም ካውያ ነው አሉ። የቃጠሎ ቅባት ቀባችው። ቅርፊቱ ይወድቃል፣ ይደማል፣ እንደገና ይደርቃል። ሌላ ቦታ ብትሠራ ኖሮ አንዱ "ኧረ ይሄ ነገር ምንድነው?" ባላት ነበር። ዘግይታ ሆስፒታል ስትደርስ የጆሮዋን ጫፍ ቆርጦ ከማንሳት ሌላ ምርጫ አልነበረም። የቆዳ ካንሰር ነው አሏት።

ሁለተኛው ከግራ ዓይኗ ሥር ሲወጣ በካውያ አላሳበበችም። እንደ ዶቃ የሚያብረቀርቅ፣ መካከሉ ጎድጎድ ያለ፣ ፊቷን በታጠበች ቁጥር የሚደማ ነገር ነበር። ሐኪሙ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ ልጅ እግር፣ በማጉያ መነጽር አየውና ቆርጦ ለምርመራ ላከው። መልሱ ሲመጣ አስቀምጦ አስረዳት።

"ይሄኛው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ርቆ አይሄድም፤ ያለበትን ቦታ እየበላ ነው የሚሰፋው። በቀዶ ጥገና ካወጣነው ይድናል። ብንተወው ግን ዓይንዎ ላይ ይደርሳል።"

"ከየት መጣብኝ? እኔ እንደሆን የምውለው ምድር ቤት ነው።"

"የድሮው ፀሐይ ነው። በተለይ የልጅነቱ። ቆዳ ይይዘውና ከብዙ ዓመት በኋላ ያወጣዋል።"

የልጅነቱ! ያን ቀን ቤት ስትገባ እህቷ አራስ ነበረች፤ ሕፃኗም እንደ አክስቷ ነጭ ሆና፣ የገለባ ፀጉር ይዛ እናቷ እቅፍ ውስጥ ተኝታለች። እናትየው ደግሞ ከወዲሁ የቅባት ጠርሙስ ገዝታለች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሰላም አልነበረም። ጥላ ለመነች፣ አስረዳች፣ ጮኸች፤ ወይ ፍንክች! በዚያ ላይ ነገሩን ያባሰው ጤና ጣቢያ ነው። እህትየው ለክትባት ስትሄድ እዚያ ያለችው ባለሙያ ለሁሉም እናት የምትለውን "ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁ" አለች፤ የተጠቀለለችውን ልጅ ገልጣ እንኳ ሳታይ። ጥላ በማግስቱ ሕፃኗን ይዛ ሄዳ ጠረጴዛዋ ላይ ገለጠችላት። ባለሙያዋ ደንግጣ "ይቺንማ በፍጹም! በፍጹም!" አለች። የመጀመሪያው ምክር ግን አንድ ጊዜ አያትየው ጆሮ ገብቷል፤ ሁለተኛውን ማን ይስማ? "ሲፈልጉ አሙቁ ይላሉ፣ ሲፈልጉ አታሙቁ ይላሉ፤ እነሱ ልጅ አሳድገው ያውቃሉ?" አለች። ሐኪሙ ራሱ ያስረዳሽ፣ አብረን እንሂድ ስትላትም ያው ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ።

እንግዲህ ያን ጠዋት ጥላ በዚህ ሁሉ ብግን ብላ ነው የቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ የወጣችው። ፊቷን ቀዳዳ ባለው ጨርቅ ሸፈኑት፤ የሚታየው ከዓይኗ ሥር ያለው ቦታ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ በብዕር ዙሪያውን ሲያሰምር ተሰማት።

"እብጠቱ የምስር ፍሬ አያክልም። ምን ይህን ሁሉ ያዞርሃል?"

"ሥሩ ላይ ላዩን ከሚታየው ይሰፋል። ዙሪያውን ጤነኛ ቆዳ ጨምረን ካላነሳን ተመልሶ ይመጣል።" ከዚያ መርፌውን አነሳ። "ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል።"

"ቆንጠጥ!" አለች መርፌው ሲገባ። "አንተን ማን ቆንጥጦህ ያውቃል?"

ነርሷ ሳቀች። ከዚያ ጉንጯ የሷ አልሆን አለ፤ ሲቆረጥ አያምም፣ ግን ይሰማል፤ ወፍራም ጨርቅ በመቀስ ሲቆረጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ደም ለማቆም ጫፍ ጫፉን ሲያቃጥሉት ጭሱ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ፤ ከልማድ ብዛት "ካውያውን አንሱት፣ ልብሱ አረረ!" ልትል ምንም አልቀራትም። ሐኪሙና ነርሷ በላይዋ ላይ ስለ ተበላሸው አሳንሰር ያወራሉ። "እዚህ ሰው አለ እኮ፣ ሬሳ አይደለሁም" አለቻቸውና ይቅርታ ጠየቋት። ያን ጊዜ ነው ኮሪደሩ ጸጥ ማለቱን ልብ ያለችው።

"ሲስተር፣ ሕፃኗ ተኝታ ነው?"

"የትኛዋ ሕፃን?"

"የእህቴ ልጅ። ውጭ ከእህቴ ጋር አለች።"

"እህትዎ ብቻዋን ናት የመጣችው።"

ጥላ ልትነሳ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። "አይንቀሳቀሱ!" አለ ሐኪሙ፤ እጁ በድንጋጤ ወደ ኋላ ሸሸ። "መቀሱ ዓይንዎ ላይ ነው!"

"አንተ ልጅ፣ ቶሎ ስፋው! ቤት ውስጥ ሕፃን እየተቃጠለች ነው!"

"ምን? እሳት ተነሳ?"

"እሳት በሆነ! እሳት ቢሆን ጎረቤት ይደርስላት ነበር!"

በግማሽ ከንፈሯ እንደ ምንም አስረዳችው። ሐኪሙ ሰማትና ነርሷን ወደ ኮሪደሩ ላካት። ነርሷ ተመልሳ "እህትዎ፣ እናቴ ግቢ እንደማታወጣት ምላልኛለች፣ አታስቢ በያት ብላለች" አለች። "ሆስፒታል በሽታ ሞልቶ ሕፃን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ ብለው ነው እናትዎ ያስቀሯት። እርስዎንም ትቼ አልሄድም አለች።"

ምላለች! እናቷ በልጅ ጉዳይ ስትምል ምን ማለት እንደሆነ ጥላ አሳምራ ታውቃለች። ግን ፊቷ ተከፍቶ፣ ሐኪም በላይዋ ላይ ቆሞ፣ ወዴት ትሂድ? ሐኪሙ ከጉንጯ ቆዳ ስቦ ጉድጓዱን ይሸፍናል፤ ክሩ ሲሳብና ሲቋጠር ይሰማታል፤ ውጭ ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው። ከጨርቁ ሥር ከቀኝ ዓይኗ ወደ ጆሮዋ አንድ ነገር ወርዶ ጨርቁን አረጠበው።

"አይዞዎት፣ አያልቅሱ" አለ ሐኪሙ።

"እንባ አይደለም" አለችው። "ንዴት ነው።"

የተቆረጠችውን ቁራጭ ጠርሙስ ውስጥ ከተቷት፤ ጠርዟ ከካንሰሩ ንጹሕ መሆኑ በላቦራቶሪ ታይቶ መልሱ ሲደርስ እንድትመለስ ነገሯት። እንዳታጎነብሺ፣ ከባድ እንዳታነሺ፣ እንዳትናደጂ ተባለች። እንዳትናደጂ! ግማሽ ፊቷን ፋሻ ሸፍኖት፣ በአንድ ዓይኗ ደረጃውን እየዳበሰች፣ እህቷን በክንዷ እየጎተተች ታክሲ ውስጥ ገባች።

የግቢውን በር ስትከፍት አየቻት። ሕፃኗ ፎጣዋ ላይ ራቁቷን ተሰጥታለች፤ ቅባቱ ያብለጨልጫል፤ አያትየው ራሷ ሻሿን ግንባሯ ላይ ስባ፣ ከግድግዳው ሥር ጥላ ቦታ መርጣ ተቀምጣለች። ሕፃኗ አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘግቷል። ሆዷና አንዱ ጉንጯ ቀልቷል። ጥላ አጎንብሳ አነሳቻት፤ ስታጎነብስ ከፋሻው ሥር ሙቅ ነገር ሲፈስ ተሰማት። በሁለት እርምጃ ጣራው ሥር ገባች።

"ኧረ ደምሽ! ደምሽ እየወረደ ነው!" አለች እናትየው ደንግጣ ተነስታ።

"ደሜን ተዪው! ምለሽ አልነበረም?"

"ምያለሁ። ለሷ ብዬ ነው የዋሸሁት።"

"ለሷ! የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ስትጥዪ ኖርሽ! ቀለም እሰጣለሁ ብለሽ ቆዳ ትገፊያለሽ! ይኸው ፊቴን እይው፤ ከዚህ ፋሻ ሥር ቆርጠው ያወጡት ያንቺን ፀሐይ ነው፤ አንቺ ያሞቅሽኝን ነው! ይቺም ስታድግ በየዓመቱ ይቆራርጧት? ጆሮዋን ትስጥ? አፍንጫዋን ትስጥ?"

እህትየው በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እናትየው ግን አላለቀሰችም። ከግድግዳው ጥላ ወጥታ ግቢው መካከል ቆመች።

"አንቺን ያበላሸሁሽ እኔ ነኝ" አለች። "ጠፍቶኝ አይደለም። ሁልጊዜም አውቀዋለሁ።"

ጥላ ይህን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች። አሁን ግን እናቷ አልጨረሰችም።

"ጀምሬ አቋረጥኩብሽ። ቆዳሽ እየተላጠ ስትጮሂ አንጀቴ አልችል አለ። አማቴ ጨክኚ፣ ትንሽ ነው የቀራት ትለኝ ነበር። እኔ ግን ዓይንሽ አብጦ አልገለጥ ሲል አንስቼ ቤት አስገባሁሽ፤ ከዚያ ወዲያ አላወጣሁሽም። ጨክኜ ብጨርሰው ኖሮ ጠይመሽ እንደ ሰው በቀን መንገድ ትሄጂ ነበር። እኔ ነኝ ያላስጨረስኩሽ። የዚችን ግን አላቋርጥም ብያለሁ። ብታለቅስም እጨርሰዋለሁ።"

ጥላ ሕፃኗን ይዛ ቆማ ቀረች። ቁጣዋ አልበረደም፤ የምታሳርፍበት ቦታ ነው የጠፋው። ይህን ሁሉ ዓመት እናቷ የምትጸጸተው በጥፋቷ አልነበረም፤ በሕይወቷ በሠራችው አንድ ትክክለኛ ነገር ነበር።

"እማዬ" አለች፤ ድምፅዋ አሁንም ጩኸት ነው፣ ዝቅ ሊልላት አልቻለም። "ይሄ ዓይኔ ዛሬ ያለው ለምን ይመስልሻል? ስላስገባሽኝ ነው! ጨክነሽ ብትጨርሺው ኖሮ እስካሁን ምን ዓይን ነበረኝ? ምንስ ፊት ነበረኝ? ጥፋትሽ ማውጣትሽ ነው እንጂ ማስገባትሽ አይደለም! ስታለቅስ አንጀትሽ አልችል ካለሽ፣ አልችል ይበልሽ! እሱን ስሚው!"

እናትየው የሕፃኗን ቀይ ጉንጭ አየች፤ የልጇን ፋሻ አየች፤ ደሙ አገጯ ድረስ ወርዷል።

"ጠዋቱን ሙሉ ስታለቅስ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ደግሞ እዚያ ተቀምጬ ስጨክን ነበር።"

ሕፃኗን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ጥላ አልሰጠቻትም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀንም አልሰጠቻትም። እናትየው እጇን እንደዘረጋች፣ ባዶው ፎጣ አጠገብ፣ በዚያ ሐሩር መካከል ቆማ ቀረች፤ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሽበቷ ላይ ፀሐይ ወርዶባታል። ጥላ አየቻት። በክርኗ በሩን ገፍታ ከፈተችው።

"ግቢ አንቺም!" አለቻት። "ምን ፀሐይ ላይ ያስቆምሻል?"